ታቦት የሌለው ቅጥር

ጥቅምት 11
ዝንጀሮ ማሽላውን ጨረሰው። ዋሴ ማማ ላይ ሲጮህ ውሎ ድምፁ ተዘጋ። «ባልሽ ዲዳ ሆነልሽ፣ ደስ ይበልሽ» አለኝ በሹክሹክታ። ሳቅሁ። ወገዳ ገበያ ጨው አልተገኘም።

ጥቅምት 14
ዋሴ ሰው ገደለ... ንጉሴን። በድንበር ተጣሉ፣ አንድ ዱላ መታው፣ በቃ። የንጉሴ ወንድም ካሴ ምንሽሩን ይዞ ገብቶ እንዳይማጸን የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ ዘጋበት። ዋሴ ቁልቁል ወደ ቆላው ጫካ ሮጠ። የት ይገባል? እዚያ ያለው የፈረሰው ቤት ብቻ ነው።

ጥቅምት 17
ስንቅ አደረስሁለት። የካሴ ዘመዶች ከቆላው በሚያስወጣው በር ሁሉ ቆመዋል፣ ግን ሴት አይነኩም፤ አሳለፉኝ።
ጫካው በቀትርም ይጨልማል። ሐረጉን በማጭድ እየቆረጥሁ ገባሁ። ግንቡን የዋርካ ሥር አንቆ ይዞታል። ምሰሶዎቹ ላይ ጉሬዛ ይዘላል። ደጃፉ ድንጋይ ላይ የተጠቀለለ እባብ ተቀርጿል። ማን ሠራው? አንዳንዱ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ነው ይላል፣ ሌላው የአረማዊ።
«ንጉሴን በሕልሜ አየዋለሁ» አለኝ ዋሴ። አቅፌው አለቀስሁ። ተናድጄበታለሁም።

ጥቅምት 19
ካሴ ቤታችን መጣ። አባባ ቄስ ናቸው፣ የእሱም የነፍስ አባት። ጉልበታቸውን ስሞ ተቀመጠ። እኔን ዞር ብሎ አላየኝም።
«አባቴ፣ ታቦት ካለበት ቅጥር የገባ ሰው አልነካም። ኃጢአት ነው። ያ ፍርስራሽ ግን... ታቦት ኖሮት ያውቃል?»
ውሃ ይዤ እንደቆምሁ ቀረሁ። «ነበረው» ይበሉት! አንድ ቃል! ማን ያረጋግጣል?
አባባ ዳዊታቸውን ዘጉ። ከዚያ፣ «የለውም ልጄ። ኖሮትም አያውቅም። የጣዖት ቤት ነው።»
ካሴ መስቀል ተሳልሞ ተነሣ። በር ላይ ሲደርስ፣ «ነገ የንጉሴ ሰባቱ ነው። ከዚያ ወዲያ...» አለ።
አባባን አላናገርኋቸውም። እራትም አላቀረብሁ። የልጅዎ ባል እኮ ነው!

ጥቅምት 20
ሄጄ «ሽሽ» አልሁት። «ወዴት?» አለኝ። መውጫው ሁሉ ተይዟል።
ስመለስ አባባ ቤት የሉም። መቋሚያቸውም የለም። የት ሄዱ?

ጥቅምት 21
ካሴን ከሩቅ ተከተልሁት። አባባ የፍርስራሹ ደጃፍ ላይ፣ እባቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ!
«ይነሡ አባቴ።»
«እውነቱን ጠይቀኸኝ ነግሬሃለሁ። አሁን እኔን አልፈህ ግባ።»
ካሴ ምንሽሩን አነሣ... አወረደ። ፊት ለፊታቸው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። «ይደክምዎታል። እጠብቃለሁ።»
ይቅር በሉኝ፣ አባባ።

ጥቅምት 28
እንደተፋጠጡ ናቸው። ካሴ ማታ በሮቹን ለዘመዶቹ ትቶ ይሄዳል፣ ጎህ ሲቀድ ይመጣል። አባባ አይነሡም።

ኅዳር 2
አባባን ንዳድ ያዛቸው። ቆላ አድረው የማያውቁ ሰው! «ቤት እንግባ» ስላቸው ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። ካሴ ጋቢውን አውልቆ ደረበላቸው።

ኅዳር 4
ጠዋት ሰው መለየት አቃታቸው። ካሴን «ንጉሴ፣ ልጄ» ብለው ጠሩት። ካሴ ፊቱን አዞረ።
ያኔ ዋሴ ከውስጥ ወጣ። ባዶ እጁን። ጮህሁ... ሁለቱ ተያዩ። ካሴ ጣቱ ምላጩ ላይ ነበር። ምን ያህል እንደቆዩ አላውቅም፣ እኔ ግን ሞቼ ነበር።
«ብቻዬን ገደሉን አላወጣቸውም» አለ ካሴ። «ና፣ ያዝ።»
እንጨት ቆርጠው በሐረግ ቃሬዛ አሰሩ። ካሴ ከፊት፣ ዋሴ ከኋላ። ካሴ ጀርባውን ለደመኛው ሰጥቶ! ገደሉ አጋማሽ ላይ ምንሽሩ ትከሻው ላይ እየተንሸራተተ አስቸገረው። አወረደና ወደ እኔ ዘረጋው። «ያዢልኝ።»
አባባ አሁን ላብ አጥምቋቸው ተኝተዋል። ትኩሳቱ ትንሽ በረድ ብሏል። ሁለቱ ደጅ ተቀምጠዋል። ምንሽሩ እስካሁን እኔ ጋ ነው። ካሴ አልጠየቀኝም።