እማዬ ወዴት ነው የምታየው

ውድ ወንድሜ፣

እንዴት ነህ፣ ሥራ እንዴት ነው እያልኩ እንደ ሰው ብጀምር ደስ ይለኝ ነበር፤ ጊዜ የለኝም። ስልክህን አታነሳም፣ ስለዚህ ይህን በአውቶቡሱ ሹፌር እጅ ልኬልሃለሁ። ሐሙስ ጠዋት እማዬ ዓይኗን ኦፕራሲዮን ልትደረግ ነው። ግራው ከጠፋ ቆይቷል። በቀኙም የምታየው በቁልፍ ቀዳዳ የማየት ያህል ነው፣ ለዚያውም ጭጋግ አለበት። ሐኪሟ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ “የቀረውን ለማትረፍ እንሞክራለን፣ ዋስትና ግን የለኝም” አለን።

ከሐኪም ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ “ያንን የቤተሰብ ፎቶ አስተካክለሽ አምጪልኝ፣ ከመግባቴ በፊት ልየው” አለችኝ። ሳሎን የተሰቀለውን ነው የምትለው። እንዳለ ባመጣላት ዋጋ የለውም፤ አንዱን ስታገኝ ሌላው ይጠፋባታል። መቆረጥ ነበረበት። “ማንን ማየት ነው የምትፈልጊው?” ልላት ስል ጋሼ ከፊት ወንበር ዞሮ “አባዬን ነዋ፣ ሌላ ማንን?” አለ። እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች።

ጋሼ ሥራዬ ቦታ፣ ፎቶ ስቱዲዮው ድረስ ተከትሎኝ መጥቶ ከወንበሬ ጀርባ ቆመ። ለአባዬ ቀብር ሳትደርስ ቀርተህ፣ እሱም በሩ ላይ “ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም” ካለህ ወዲህ በዚያ ቤት ስምህ አይነሳም። ፎቶው ስክሪኑ ላይ ሲከፈት መጀመሪያ የተናገረው “እሱን አውጪው” ነው።

ትዝ ይልሃል ያ ፎቶ? አባዬ መሀል ተቀምጧል። ጋሼ ከኋላው ደረቱን እንደ ሚኒስትር ነፍቶ፣ እኔ ከጎኑ ጥርሴን ለመደበቅ አፌን ገጥሜ። እማዬ ከአባዬ ቀጥላ። አንተ ደግሞ ጠርዙ ላይ፣ “ወደዚህ እዩ” ሲባል ወደ መስኮቱ ዞረህ። መቼም የተባልከውን አድርገህ አታውቅም።

ቆረጥኩህ። ምን ላድርግ፣ ሰውዬው ቆሞብኛል። ግራና ቀኙን አጠበብኩ፣ መጋረጃውንና የግድግዳ ሰዓቱን አስወጣሁ፣ ከኋላ ያለውን አጨልሜ የአባዬን ፊት አፈካሁት።

“ያ ክንድ የማን ነው?” አለ ጋሼ።

የእጅጌህ ጫፍ ከእማዬ ወንበር አጠገብ ቀርቶ ኖሯል። ደመሰስኩት።

በእኛ ሥራ ፎቶ ተሠርቶ ሲያልቅ ወንበር ወደ ኋላ ተገፍቶ፣ ዓይን ገርበብ ተደርጎ ይታያል። እንዲያ ሲያዩት ዝርዝሩ ይጠፋና ዓይን ቀድሞ የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ይቀራል። ገርበብ አድርጌ አየሁ። ዓይኔ አባዬ ላይ አረፈ፣ ግን አልቆየም። ወደ እማዬ ሄደ፣ ከእማዬ ደግሞ ከፎቶው ወጥቶ ጠፋ። ብርሃኑን ጨመርኩ፣ ቀነስኩ፣ ደግሜ አጠበብኩ። ያው ነው።

“ምን ያንቆራጥጥሻል?”

“ጋሼ፣ እስኪ ዓይንህን ገርበብ አድርገህ እየው።”

“እኔ እንዲህ ያለ ጨዋታ አላውቅም” አለ፣ ግን አደረገው። ብዙ ቆየ። ከዚያ “እማዬ ወዴት ነው የምታየው?” አለኝ።

የቆረጥኩትን ሁሉ መለስኩት። አባዬ፣ ጋሼና እኔ ካሜራውን ስናይ እሷ ወደ ጎን ታያለች፣ የምታየውም አንተን ነው። ስንት ዓመት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አንዳችንም ልብ አላልነውም።

ጋሼ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር። አሁን ይጮሃል ብዬ አንገቴን ቀበርኩ።

“አባዬን ብታወጪውስ?” አለ በመጨረሻ።

“እኔና አንተም አብረን እንወጣለን።”

“አውጪን እንግዲያ።” ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር። ወዲያው ደግሞ “በይ ቶሎ በይ፣ ምን ታፈጭብኛለሽ” ብሎ በሩን ከፍቶ ወጣ።

እማዬና አንተ ብቻ ያላችሁበትን አትሜ ወደ ቤት ወሰድኩት። እማዬ ፎቶውን ይዛ መስኮቱ ጋ ቆመች። አፍንጫዋ ወረቀቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። ቀስ እያለች ራሷን አለፈችና አገኘችህ። “ማሙሽ” አለች። ጋሼ እዚያው ቆሞ ሰምቷል። ከዚያ ጉንጭህን በጣቷ እየዳበሰች ወደ እኔ ዞራ “ፊቱ አይታየኝም እኮ። ምነው ወደ እኔ ብታዞሪልኝ?” አለችኝ።

ወንድሜ፣ አጨልሜ አፍክቼ፣ ሦስት ሰው ከፎቶ አውጥቼ እንዳልነበሩ ማስመሰል ያቅተኛል እንዴ? ፊትህን ማዞር ግን አልችልም። ናፍቀኸኛል፣ ተናድጄብሃለሁም፣ ሁለቱንም ስትመጣ እነግርሃለሁ። ጋሼ ይህን ስጽፍ አይቶኛል። “ምን ልበልልህ?” ስለው “መናኸሪያ መጥቼ እጠብቀዋለሁ በይው” አለ፣ ቀጥሎም “ካልመጣ ግን...” ብሎ ተወው።

ከሐሙስ በፊት ና። መስኮቱ ጋ፣ ብርሃኑ ላይ አቆምሃለሁ። አንተ ወደ እሷ እያት ብቻ።

እህትህ