አውሎውን በገጀራ የቆረጠው ጀግና

ውድ ደምሰው፣

ኩባ ስንት ዓመት ስኖር እንደ ኤሊሴዮ ያለ ጉረኛ አላየሁም። ሰሞኑን ከሃቫና ወደ ባታባኖ ወርጄ በእሱ ጀልባ ዓሣ ልናጠምድ ወጣን። ባሕሩ ረግቶ ነበር። ድንገት ከጠቆረ ደመና ሥር ውሃው ላይ ጥቁር ክብ ታየ፤ ዙሪያውን አረፋ ይረጭ ጀመር፤ ከዚያ ከደመናው እንደ ዝሆን ኩምቢ ያለ አዙሪት ወርዶ ወደ እኛ መጣ። የመቂው የአቧራ አዙሪት ቢበዛ ባርኔጣህን ቢወስድ ነው፤ ይሄ ጀልባ ይገለብጣል።

ኤሊሴዮ መሪውን ጥሎ ገጀራ መዘዘ፤ እዚህ ዓሣ አጥማጆች እንዲህ ያለ አዙሪት በስለት ይቆረጣል ብለው ያምናሉ። "ዞር በሉ፣ እኔ እቆርጠዋለሁ! አባቴም አውሎ ቆራጭ ነበር!" እያለ አየሩን በመስቀል ቅርጽ ይከትፋል። እኔ ጠርዙ ላይ ተጣብቄያለሁ። ሚስቱ ሚግዳሊያ መሪውን ይዛ ከአውሎው መንገድ ወደ ጎን አወጣችን። ፍንጣሪው ፊታችንን ገርፎን አለፈ። ጥቂት እንደሄደ ዝናብ ጣለ፤ ቀዝቃዛው ነፋስ ሲመታው ቀጠነና ተበጠሰ።

ወደብ ስንደርስ ያ ጉረኛ "በአንድ ምት ጣልኩት!" እያለ ሰው ሰበሰበ። ሚግዳሊያ ዓሣውን እያወረደች፣ "እንግዲያው የኔ ጀግና፣ ዝናቡንም ቁረጥልን፤ ጣሪያችን ያፈሳል" አለችው። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን ያጨበጨቡለት መስሎት እጁን አነሳ።

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። እማማ ውባለምን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፤ ልጆቹንም። በጣም ናፍቃችሁኛል።

ሽብሩ