ለኢኽላስ ሠርግ የበጠበጥኩት ብርዝ

ቆቦ፣ ቅዳሜ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ረድኤት፣ ዓይኔ፣

የሎጊያ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ እንዳልልሽ ደህና አይደለሁም። የስልኩ መስመር ከጠፋ ሳምንቱ ነው። አንቺ የጤና ባለሙያ ነሽ፣ ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር። ምን ላድርግ፣ ይህን ደብዳቤ በሾፌሩ በውቤ እጅ እልክልሻለሁ።

እኛ የማር ማኅበሩ አባላት በማሳችን ላይ የተባይ መድኃኒት ላንረጭ ተማምለናል፤ ታውቂያለሽ። ማሩ ንጹሕ ነው ተብሎ አይደል ጠጁም ብርዙም ስም ያወጣው? ክርስቲያኑ ጠጁን፣ እስላሙ ብርዙን፣ ከአንድ ማር። ጣይዋ ደግሞ እኔ እናትሽ።

ዘንድሮ ግን ደገዛ የሚሉት ጥንዚዛ ማሽላዬ ላይ ወረደብኝ። እሸቱን እየመጠጠ ገለባ አደረገው። አምና ጎተራው ባዶ መቅረቱን አስታውሼ ፈራሁ። ከጎብዬ ገበያ መድኃኒት ገዛሁና ጎረቤታችን መንሱር ዋጃ በሄደ ቀን ረጨሁት። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

በማግስቱ የመንሱር ንብ ከቀፎው ሥር ረግፎ ተገኘ። "ሙቀቱ ነው ከፌ፣ አላህ ያመጣው ነው" አለኝ። የቀረው ንብ ሳይሰደድ ብሎ ማሩን ቆረጠና ለማኅበሩ አስገባ። ትናንት ያንኑ ማር በዚህ እጄ በጠበጥኩት። ነገ የልጁ የኢኽላስ ሠርግ ነው፤ ብርዙ ለሠርገኛው ነው።

ጣይዋ ሳትቀምስ ማንም አይጠጣም። ዛሬ ማለዳ ብቻዬን አንድ ብርሌ ሙሉ ጠጣሁ። ይጣፍጣል። እስካሁን አልጣለኝም። እኔ ከቻልኩት ሰውም ይችለዋል ብዬ ነበር። ኋላ ሠርግ ቤት ብርዝ የሚሻሙት ሕፃናት ትዝ አሉኝ። ወይኔ ልጄ!

ብደፋው ለምን ደፋሽ ይሉኛል። ብናገር ከማኅበሩ እባረራለሁ። መንሱር የአባትሽን መቃብር የቆፈረ ሰው ነው፣ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ምከሪኝ እንዳልልሽ፣ መልስሽ የሚደርሰኝ ከሠርጉ በኋላ ነው።

እመብርሃን ጥላ ከለላ ትሁንሽ። የሰው እጅ አያሳይሽ።

እናትሽ ከፈለች

ደብዳቤውን ላጥፈው ስል መንሱር መጣ። እየሳቀ ብርዙን በጣሳ ከገንቦው ቀዳና "ነገ የልጄ ሠርግ አይደል? ዛሬስ እኔ ልቅደምሽ!" አለ። አፉ ሳይደርስ ከእጁ መትቼ ደፋሁት። ይኸው ልብሱ ርሶ በር ላይ ቆሟል፤ ደብዳቤዬን ልጨርስ ብዬው ነው የገባሁት። አሁን ወጥቼ እነግረዋለሁ።