አራተኛው ዘፈን

ነጎድጓድ፣

ቁልፉን ጫማ መደርደሪያው ላይ ትቼልሃለሁ። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ወተት ተበላሽቷል፣ ድፋው። የሚያንጠባጥበውን የወጥ ቤት ቧንቧ ጎማውን ቀይሬዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት አልበምህን ሰማሁት። ያንን ከባንድህ ጋር ሃምሳ ሲዲ አሳትማችሁ ሰባት የሸጣችሁትን የሄቪ ሜታል ሙዚቃ። ሁለት ዓመት ሙሉ "የቆርቆሮ ፋብሪካ" እያልኩ ሳሾፍብህ ስለኖርኩ፣ አንዴ እንኳን በወጉ ሰምቼው ይቅርታ ልልህ ነበር።

ሦስቱን ዘፈን ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። አራተኛው ላይ ጊታሩ ዝም ሲል አንዲት ሴት ትጮሃለች። ከኋላዋ ቧንቧ ጠብ ጠብ ይላል።

የእኛ ቧንቧ ነው።

የምትጮኸው እኔ ነኝ። አባቴ መሞቱን በስልክ የሰማሁ ቀን።

"ወጥ ቤት ድምፅ ያምራል" ብለህ የተከልከው ማይክ ያን ቀን ሳይጠፋ ቀርቷል። እሺ፣ ደንግጠህ ረስተኸው ነው እንበል። ቁጭ ብለህ መርጠህ፣ ቆርጠህ፣ ከበሮ የደረብክበት ግን በየትኛው ልብህ ነው? ሽፋኑ ላይ ለጎረቤት ድመት ሳይቀር ምስጋና ጽፈሃል። እኔን "ልዩ ድምፅ" ብለኸኛል። ያን ቀን አቅፈኸኝ ነበር።

የቀሩትን ሲዲዎች በሙሉ ይዣቸው ሄጃለሁ፣ እንዳትፈልጋቸው። እናቴ ድምፄን ከሺህ ሰው መሀል ትለየዋለች።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ጩኸቴን እስከ ሳጌ ድረስ ሳትቆርጥ ትተኸዋል።

"አይዞሽ፣ እኔ አለሁ" ያልከኝን ለምን ቆርጠህ አወጣኸው?