ትንፋሽ ላጠራቸው ሥሮች ስለተደረገልን ትብብር

ለ«ለምለም ሥር» የጓሮ ልማት ፕሮጀክት፣ የላሊበላ ማስተባበሪያ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና በመጋዘንዎ በካርቶን ታሽጎ የከረመው የአየር ፓምፕ እንደምን ሰንብታችኋል? እኛ፣ ከሰላጣው በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን።

እኔ ያለ አፈር፣ በውሃ ገንዳ ሰላጣ እንዲያለሙ ከመረጧቸው ሴቶች አንዷ ነኝ። ባለቤቴ አረጋ ግንበኛ ነበር፤ ሆቴል ሲሠራ ከመወጣጫ ወድቆ አንድ እግሩ ከተቆረጠ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ገንዳው ሲመጣ ግን ተነሣ፤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ችግኝ መንከባከብ እግር አይጠይቅምና። አሠልጣኛችን ሔለን «ጋሽ አረጋ፣ ሥርም እንደኛ ይተነፍሳል፤ ውሃው ውስጥ አየር ካልተነፋለት ይታፈናል» ብላ ስታስረዳው፣ ጆሮውን ወደ ገንዳው አስጠግቶ የአረፋውን ድምፅ አዳመጠ። የዚያን ዕለት ምሳውን ጠርጎ በላ።

እነሆ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፦

1. ገንዳው ላይ አየር ይነፋ የነበረው ፓምፕ የተቃጠለ ዕለት ቢሮዎ ስመጣ ወንበር ስበው ስላስቀመጡኝ አመሰግናለሁ። «ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ተክል እንዴት ይታፈናል?» ብለው መጠየቅዎም ለዕውቀት ያለዎትን ጉጉት ያሳያል። መልሱን እኛ ቤት አየነው፦ ነጩ ሥር ቡናማ ሆነ፣ ዝልግልግ ብሎ ሸተተ፤ ቅጠሉም ውሃ ላይ ተቀምጦ ውሃ እንደጠማው ሁሉ ጠወለገ።

2. መለዋወጫው ፓምፕ መጋዘን ውስጥ እያለ፣ የዕቃ ወጪ የሚፈርሙት ሰው «ፈጣን ምላሽ አሰጣጥ» በሚል ርዕስ አሥራ አንድ ቀን ሥልጠና ላይ እንዲቆዩ ስለፈቀዱ ምስጋናዬ የላቀ ነው። በእነዚያ ቀናት አረጋ አየር ይዞ እንዲገባ ብሎ ውሃውን በጆግ እየቀዳ፣ ከፍ አድርጎ መልሶ ሲያንቆረቁር ይውል ነበር። ሥሮቹ በከፊል አየር ላይ እንዲሆኑም የገንዳውን ውሃ ቀነስን። ክንዱ ሲያብጥ ጊዜ «በቃህ፣ ተወው» አልኩት።

«እየሞቱ እኮ ነው፣ የሻረግ። እንዴት አድርጌ ልተወው?» አለኝ።

3. በአሥራ ሁለተኛው ቀን ፓምፑ በሦስት ቅጂ ከተዘጋጀ የርክክብ ሰነድ ጋር ስለደረሰን አመሰግናለሁ። ማኅተሙ እጅግ ያምራል። የሚተነፍስ ሥር ግን አልነበረም። አረጋ አንድ በአንድ ነቀላቸው፤ የመጨረሻዋን በጣቱ ዳሰሳትና «እጄ አልበቃም» ብሎ ወደ አልጋው ተመለሰ። ሔለን አዲስ ችግኝ ይዛ ብትመጣም ፊቱን አላዞረላትም።

4. አራተኛውን ለመጻፍ ሞክሬ አቃተኝ፤ በትዕግሥት እንዲያልፉኝ እለምናለሁ።

ለሚፈርሙ እጆች ሁሉ ብርታትን፣ ለሚታሸጉ ካርቶኖች ሁሉ ደረቅ መጋዘንን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
የሻረግ
ከላሊበላ

ማስታወሻ፦ በቢሮዎ በር ላይ በተሰቀለው ትልቅ ፎቶ አረጋ ሰላጣ ታቅፎ ይስቃል፤ ከሥሩም «ስኬታማ ቤተሰብ» የሚል ተጽፏል። በሌላ ስኬታማ የሚተኩት ቀን እባክዎ አይጣሉት፤ ለእኔ ይስጡኝ። ባለቤቴ ሲስቅ የሚታየው እርስዎ በር ላይ ብቻ ነው።