የኅዳር ሳቅ

ጥር 27 ቀን 2010፣ እሁድ

ስልጠና ዋልን፣ እኔና ወንድሜ ሙስዓብ። ጎንደር ፒያሳ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ። «ምርትዎን በማኅበራዊ ሚዲያ ይሽጡ» ይላል በሩ ላይ የተለጠፈው። አሰልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። በርበሬ ከዛላ ጀምሮ ዱቄት እስኪሆን ስንት ቀን እንደሚያስነጥስ አያውቅም፤ እንዴት እንደሚሸጥ ግን እኛን ያስተምረናል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው ሰው አጣ።

ወንድሜ ግን የሰማውን ሁሉ ጻፈ። የሰው ፊት የሌለበት ፖስት አያድግም። አንድ ፊት ይበቃል፣ ሲበዛ ዓይን ይበተናል። ሰው ትኩስ ነገር ይወዳል፤ ፎቶው የቆየ ቢሆንም «ዛሬ» በሉ… ይቺን ሲል እኔም ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። ለምን ነቀነቅሁ?

አዲስ ዓለም ሰፈር ቤታችን ስንገባ እማ ዛላ እየቀነጠሰች ነበር። የፌስቡክ ገጻችን የተሰየመው በሷ ነው፣ «ኩልሱም ባልትና»። ሙስዓብ ፎቶ ላንሳሽ አላት። እጇን ብቻ ዘረጋችለት። ሠላሳ ዓመት በዚህ እጅ ሸጫለሁ፣ ፊትሽን አሳዪኝ ያለኝ ደንበኛ የለም አለች። እኔ ሳቅሁ፣ እሱ አኮረፈ።

የካቲት 3፣ ቅዳሜ

ከነገ ወዲያ ዐቢይ ጾም ይገባል። ክርስቲያኑ ሁሉ ሽሮና በርበሬ የሚሸምትበት ሳምንት ነው፤ ከዓመቱ ይህን ሳምንት የዘነጋ ነጋዴ ነጋዴ አይደለም።

ሙስዓብ ፊት አገኘ። የእትዬ የትናየትን። ማክሰኝት ሆና ዛላ የምታቀርብልን እሷ ናት፤ አምስት ዓመት ከሌላ ገዝተን አናውቅም። ኅዳር ላይ ልንጭን ስንሄድ አንስቷት ኖሯል። ሹሩባዋን ተሠርታለች፣ ነጭ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ጥርሷ አንድ ሳይቀር እየታየ ትስቃለች። ከጎኗ ቀይ ዛላ ሞልቶ የተከፈተ ጆንያ። ሸጋ ፎቶ ነው፣ አይካድም።

ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ዛሬ ጠዋት፣ ማክሰኝት ገበያ። ከእትዬ የትናየት እጅ ወደ እናንተ ማጀት።» ዛሬ ጠዋት ማክሰኝት ማን ነበር? እኔ ሱቅ ውስጥ ሽሮ ስመዝን ነው ያረፈድኩት። ግን ማንን ይጎዳል ብዬ…

የካቲት 4፣ እሁድ

አራት ሺህ ላይክ! እስከ ዛሬ ከሁለት መቶ አልፈን አናውቅም። «ይህን ሳቅ ያየ ጎንደርን አየ» ይላል አንዱ። «እናቴን መሰሉኝ፣ አለቀስኩ» ትላለች ሌላዋ፣ ከዱባይ። ኢንቦክሱን መልሼ አልጨረስኩም፤ ሁሉም ከዚያች ሴትዮ በርበሬ ላኩልን ነው የሚለው።

እማ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። ነግራችኋታል ወይ? ሙስዓብ ስታየው ደስ ይላታል አላት። የእትዬ የትናየት ስልክ ተራ ባለ ቁልፍ ነው፣ በምን እንደምታየው እንጃ።

የካቲት 10፣ ቅዳሜ



ሱቅ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ገባች። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች። የዓለምወርቅ እባላለሁ፣ የየትናየት እኅት ነኝ አለች። ከዚያ፦

«እኅቴን ምነው እንዲህ አደረጋችኋት? ምን በደለቻችሁ?»

የእትዬ የትናየት ባል ሞቷል። አያ ዳኜ። ለጥምቀት ወደ አገሩ፣ ጃናሞራ መካነ ብርሃን ወጥቶ፣ እዚያው ታሞ፣ ጥር 22 ዐርፏል። እዚያው ተቀበረ። እሷ እስከ ሰባቱ ቆይታ፣ ልጆቿን ብላ ወደ ማክሰኝት ተመለሰች። ይኼን ሁሉ እኛ አልሰማንም። ካለፈው ወር ጀምሮ ደውለን እንኳ አናውቅም፣ ዛላው ጎተራ ሞልቶ ነበራ።

እና የካቲት 3፣ ባሏ በሞተ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን፣ እኛ «ዛሬ ጠዋት» አልን። ነጭ ለብሳ። ጠጉሯን ተሠርታ። ገበያ መሀል እየሳቀች።

የሟች ታናሽ ወንድም አለበል ስልኩ ላይ አየው። መካነ ብርሃን ላይ ያላየው ሰው የለም አለች የዓለምወርቅ። የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ጥቁሯን አውልቃ ገበያ ወጣች ብሏል። ማክሰኝት ያለ ጎረቤት ሁሉ ከቤቷ አልወጣችም ብሎ ቢመሰክርላት፣ የሷ ወገን ነው ብለው አልሰሙም። የአርባው ተዝካር መጋቢት 1 እነሱ ዘንድ ይወጣል። እንዳትመጣ ተልኮባታል። ከመጣች በር ላይ እንመልሳታለን ብለዋል።

የገዛ ባሏን ተዝካር! ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራው የኖረች ሴት!

የካቲት 11፣ እሁድ

ሙስዓብ ትናንት ማታ ሳይነግረኝ ፎቶውን ሰርዞታል። አበቃ፣ ጠፋ፣ አለኝ። ምኑ ነው ያበቃው? የዓለምወርቅ ዛሬ ደወለች። አለበል ቀድሞ ስልኩ ላይ አስቀርቶታል። ሲሰርዙት አያችሁ፣ እውነት ባይሆን ለምን ይሰርዙታል እያለ ነው። በመሰረዝ የባሰ አደረግንባት።

ዋናውን ፎቶ አምጣ አልኩት። ኮምፒዩተሩ ላይ ከፈተው።

ያ አላህ።

ፎቶው ሰፊ ነው። ገጹ ላይ የወጣው ግማሹ ነው። በግራ በኩል አያ ዳኜ ቆሟል! አንድ እጁን ሚዛኑ ላይ ጭኖ፣ ፊቱን ወደ ሚስቱ አዙሮ፣ አንድ ነገር እያላት። እሷ የምትስቀው እሱ ባላት ነገር ነው። በባሏ ነው የሳቀችው፣ ባሏ አጠገቧ ቆሞ!

ለምን ቆረጥከው አልኩት። አሰልጣኙ አንድ ፊት ይበቃል ብሎ የለም ወይ አለኝ። እንዲህ ቀለል አድርጎ። ብርቱካን የላጠ ነው የሚመስለው። በሕይወቴ ወንድሜን መትቼው አላውቅም። ዛሬ መጅ እጄ ላይ ቢኖር…

የካቲት 12፣ ሰኞ

ማስተካከያ ልጽፍ ነው ስለው ሙስዓብ እግሬ ላይ ወደቀ። ውሸታሞች ይሉናል፣ ሰው እምነት ያጣብናል አለ። ውሸታሞች አይደለንም እንዴ? እማ ከጓዳ ሰምታ ወጣች። ስሜን ለጥፋችሁ ነው የዋሻችሁት፣ አሁንም በስሜ እውነቱን ጻፉ አለች።

ጻፍኩ። «ባለፈው ዛሬ ብለን ያወጣነው ፎቶ የኅዳር ነው። እትዬ የትናየት ሐዘን ላይ ናቸው። ሳንጠይቅ አወጣን፣ ዋሸን፣ ይቅርታ።»

ማታ አየሁት። ሠላሳ አንድ ላይክ። ከሥሩ አንድ ኮሜንት አለ፦ «ሽሮ ኪሎ ስንት ነው?»

ያ አራት ሺህ ሕዝብ የት ገባ? ሳቋን ሲያይ ያለቀሰው ሁሉ፣ ሐዘኗን ሲሰማ ጣቱ ደረቀ? ንዴቴ መውጫ አጣ።

የካቲት 17፣ ቅዳሜ

ማክሰኝት ሄድኩ። እማም ተከተለችኝ።

እትዬ የትናየት መሬት ላይ ተቀምጣለች። ጥቁር ሻሽ፣ ጥቁር ቀሚስ። ከስታ አጥንቷ ወጥቷል። እማ አጠገቧ ተቀምጣ አብራት አለቀሰች። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ይቅርታ የምልበትን ቃል መንገዱን ሙሉ ሳዘጋጅ ነበር፣ አንዱም አልመጣ አለ። በመጨረሻ እንደምንም ነገርኳት፣ ማን እንደጻፈውም። እኔ ነኝ አልኩ።

ቀና አለች።

«ሪሃና፣ ብትጠይቂኝ እምቢ እልሽ ነበር? አንዲት ቀን ደውለሽ እትዬ ፎቶሽን ላውጣው ብትይኝ፣ ባሌ ሞቷል እልሽ ነበር እኮ። ያኔ ለቅሶም ትደርሺ ነበር።»



ዋናውን ፎቶ ከስልኬ አሳየኋት። ቶሎ ፊቷን አዞረች። ከዚያ መልሳ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። የአያ ዳኜ ፎቶ ቤቷ ውስጥ የለም፤ መታወቂያው ላይ ያለችውንም ወንድሞቹ ይዘዋታል። ምን ብሎሽ ነው የሳቅሽው አላልኳትም። አልደፈርኩም።

ወረቀት ላይ አሳትሚልኝ አለች። መካነ ብርሃን ትልቁ አጎቱ አያ ወልደ ገብርኤል አሉ፣ ቤቱ የሚሰማው እሳቸውን ነው። እሳቸው ዓይን ሥር አድርሺልኝ አለችኝ።

መጋቢት 2፣ እሁድ፣ ደባርቅ

ስንመለስ ደባርቅ አደርን። ዓርብ ነበር ከጎንደር የተነሳነው። እማ፣ እኔ፣ እትዬ የትናየት። ፎቶውን ፒያሳ ትልቅ አድርጌ አሳትሜዋለሁ፣ ቦርሳዬ ውስጥ በካርቶን መሀል። ከደባርቅ ወዲያ ያለው መንገድ እማን ወገቧን ቆረጣት፣ አንዴም አላማረረችም።

ትናንት ሦስት ሰዓት ግድም ደረስን። ግቢው ሰው ሞልቷል። ዳሱ ተጥሏል፣ ካህናቱ ጸሎት ላይ ናቸው። አለበል በር ላይ ነበር። ረዥም፣ ዓይኑ የቀላ። ሐዘኑ እውነት ነው፣ ያስታውቃል። ግን እጁን በሩ ላይ ዘርግቶ ሚስቲቱን አላይም አለ። እኔን ነው ያየው።

ገጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ፎቶው የኅዳር ነው፣ ዛሬ ያልኩት ውሸቴን ነው አልኩት።

«ያኔ ዛሬ ብለሽ ዋሸሽ። አሁን ኅዳር ብትይ በምን ልመንሽ?»

እውነቱን ነው! የሚያናድደኝም ይኼ ነው፣ እውነቱን መሆኑ። ስንት መቶ ሰው እያየን። እትዬ የትናየት ከኋላዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ፣ መሬት መሬት እያየች። የመጣችው ለባሏ፣ የቆመችው እንደ ሌባ።

እማ ናት ያዳነችን። አያ ወልደ ገብርኤል የትኛው ናቸው ብላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠየቀች። አንድ ሽማግሌ በዱላ እየተደገፉ መጡ። አያ፣ እኛ እስላሞች ነን፣ ልጆቼ አጥፍተው ነው የመጣሁት፣ ይቺን ብቻ ይዩልኝ አለቻቸው። ፎቶውን አውጥቼ ሰጠኋቸው።

ዓይናቸው ደክሟል። ወደ ፀሐይ አዞሩት፣ አራቁት፣ አቀረቡት። ዳኜ… አሉ። ዳኜ ልጄ።

አለበል ቀርቦ አየ። እጁ ከበሩ ወረደ። ሽማግሌው ወደሱ ሳይዞሩ፣ ዝግ ብለው፦

«ሟች ገበያ አይወጣም፣ አለበል። ግቢ ልጄ፣ ቤትሽ ነው።»

ገባች። ከቤተ ዘመዱ መሀል፣ በሚስት ቦታ ተቀመጠች። ሴቶቹ ከበቧትና እንደ አዲስ ተለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ ለማን እንደሆነ አላውቅም።

ጾም ስለሆነ ሥጋ የለም። በሌላ ጊዜ ቢሆን ለእኛ የእስላም ተብሎ ለብቻ ይዘጋጅ ነበር፤ ትናንት ሁላችንም ያንኑ ሽሮ ከአንድ መሶብ በላን። እማ ሥጋ ወጥ የሚያስንቅ ሽሮ ነው ብላ አመሰገነች።

አንድ ነገር ግን አልወጣልኝም። ማንም ይቅርታ አላላትም። አለበል እጇን አስታጠባት፣ በቃ። ይኼ ሁሉ ሰው ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሟን ሲያላምጥ ከርሞ፣ ፎቶውን እየተቀባበለ ዳኜን ሲያለቅስ ዋለ። እሷን ማን አየ? ደግሞ እኔ ማን ነኝና በሰው እናደዳለሁ? ነገሩን የጀመርኩት እኔ።

ሚያዝያ 6፣ ቅዳሜ

ገጹን ተከታይ እየለቀቀው ነው። ሙስዓብ ያንን አሰልጣኝ የመሰለ ፊት አድርጎ ነገረኝ። ይልቀቀው። ዛሬ የጆንያ ፎቶ አወጣ። ሥሩ ላይ «ባለፈው ሳምንት የተነሳ» ብሎ ጽፏል። ማንም ሳያዘው።

ግንቦት 11፣ ቅዳሜ

ረመዳን ከገባ ሦስተኛ ቀን። ማክሰኝት ወርጄ መጣሁ፣ ለዛላ።

ለሌላ ነጋዴ ሸጣ ቢሆን አልፈርድባትም ነበር። አልሸጠችም፣ ለእኛ አስቀምጣለች። ግን እንደ ድሮው አይደለም። ድሮ ገና ከማኪና ሳልወርድ ነበር ቀልዱ የሚጀምረው። ዛሬ መዘነች፣ አስመዘነችኝ፣ በቃ። ፀሐዩ ከብዶኝ ስታየኝ ውሃ ይዛልኝ መጣች፤ ከዚያ ጾሜ ትዝ ብሏት መልሳ ወሰደችው፣ ጥላው ውስጥ ግን ግቢ አለችኝ።

ገባሁ። ፎቶው ግድግዳው ላይ አለ፣ በመስታወት። አያ ዳኜ ብቻውን ነው። እጁ ሚዛኑ ላይ፣ ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ፣ ማንም ለሌለበት ባዶ ቦታ እያወራ።

እሷም ቆረጠችው? ያንኑ እኛ ያደረግነውን?

አይታኝ ኖሯል። ከግድግዳው አወረደችውና ጀርባውን አዙራ አሳየችኝ። አልተቆረጠም። የሷን ግማሽ ወደ ኋላ አጥፋዋለች። ጥቁር ለብሳ በምትቀመጥበት ቤት ሳቋ እንዲታይ አልፈለገችም።

«ዓመቱ ሲወጣ እዘረጋዋለሁ» አለችኝ። መልሳ ሰቀለችው።

ዛላውን ጭነን ስንመለስ መንገዱን ሙሉ በጣቴ ስቆጥር ነበር። ጥር ስንት ወር ቀረው? ስምንት።