በኮቱ ገበር ውስጥ የተሰፉት ድንጋዮች

ጥቅምት 12 ቀን፣ ገንዳ ውሃ

ውድ እማማ አየሁሽ፣

እንዴት ከረሙ? ክረምቱስ በደህና ወጣልዎ? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎ እስከዳር እንደምትሆን አውቃለሁ። እስከዳር፣ አደራሽን እህቴ፣ መሃል ላይ የሚያስከፋ ነገር ታገኛለሽ፤ አልፈሽው እንዳትሄጂ። እናትሽ ሁሉንም መስማት አለባቸው።

ትዕዛዙ ባረፈ በሳምንቱ መጥተው እኔ ቤት ሲያርፉ፣ ሁለቱንም እጆቼን ይዘው ሳሙኝ። «አስታመምሽልኝ፣ በሰው አገር ብቻውን አልጣልሽውም። ውለታሽን የላይኛው ይክፈልሽ» አሉኝ። እኔም እጄን ሳልነጥቅ ተሳምኩ። እማማ፣ ያ እጅ የሚሳም እጅ አልነበረም። ይህን ልነግርዎ ሰባት ወር ሙሉ ወረቀት ስቀድ ከረምኩ።

ልጅዎ ካቻምና በሐምሌ ለሰሊጥ አረም ወደ ቆላ እንደወረደ ያውቃሉ። አጨዳው አልቆ የደጋው ሠራተኛ ሁሉ ደሞዙን ይዞ ሲመለስ፣ እሱ ደብተር ገዝቶ ትምህርት ቤታችን መጣ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሰባተኛ ክፍል ገባ። ከትናንሽ ልጆች ጋር ጉልበቱን አጥፎ ዴስክ ላይ ሲቀመጥ ያስቅም ያሳዝንም ነበር። የማስተምረው እንግሊዝኛ ነው። በጥያቄ እንደ እሱ ያደረቀኝ ተማሪ የለም፤ ደውል ተደውሎ እንኳ በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር።

በጥር ወር ማወዳደር የሚባለው ትምህርት ላይ ደረስን። እኛ «ከእሱ ይከብዳል»፣ «ከሁሉም ይከብዳል» ብለን እንገላገላለን። እንግሊዝኛው ግን ቃሉን ራሱን ጫፉ ላይ ይቀጥለዋል፤ ሁለት ነገር ሲወዳደር አንድ ቅጥያ፣ ከሁሉም የሚልቀውን ለመናገር ደግሞ ሌላ ቅጥያ። ሄቪ፣ ሄቪየር፣ ሄቪየስት። ልጆቹ አልገባ አላቸው። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ፣ አጥራችንን ከሚጋራው የሰሊጥ መጋዘን የባለቤቱን የሙሐመድጣሂርን የኩንታል ሚዛን ተዋስኩና እየተገፋ ክፍል ገባ።

ከክፍሉ ረጃጅሞች ሦስቱን አወጣሁ። የዴስክ ጓደኛው ለይኩን ሃምሳ ስምንት ኪሎ፣ ማስተዋል የሚባለው ልጅ ሃምሳ አንድ፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው ትዕዛዙ አርባ ስድስት። ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩት። «ትዕዛዙ ኢዝ ዘ ላይተስት!» አልኩ፤ ከሁሉም ቀላሉ ማለት ነው። ከኋላ አንዱ «ግማሽ ኩንታል እንኳ አልሞላም እኮ!» ሲል ክፍሉ አውካካ። እማማ፣ እኔም ሳቅሁ። አስተማሪ ነኝ፣ ዝም ማሰኘት ስችል አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ወዲያ ልጆቹ ስሙን ትተው «ላይተስት» ይሉት ጀመር። ሰምቻለሁ፤ እንግሊዝኛ ለመዱልኝ ብዬ ደስ አለኝ። በየወሩ እንመዘናለን፣ ማን እንደጨመረ እናያለን ብዬም አወጅኩ።

የካቲት ላይ ሚዛኑ ተመልሶ መጣ። የዚህ አገር የካቲት ሸሚዝ እንኳ የሚከብድበት ነው። ትዕዛዙ ግን እርስዎ የገዙለትን ያንን ወፍራም ኮት ደርቦ መጣ።

«አንተ ደገኛ፣ ምን ነካህ? ልትቀቀል ነው?» አልኩት።

«በረደኝ፣ ቲቸር» አለ።

ሚዛኑ ላይ ወጣ። አርባ ሰባት። «ጎሽ! ጨምረሃል!» ብዬ አስጨበጨብኩለት። እንዴት ፈገግ እንዳለ ዛሬም ይታየኛል።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ትኩሳት ጣለው። ክሊኒክ የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ይህኛው እውነት ነው። ደሙ ሲመረመር ወባ ተገኘበት። ሐኪሙ ግን ጠንቃቃ ሰው ነበር። እዚህ ቆላ ካላዛር የሚሉት በሽታ አለ፤ እርሻ ላይ ግራር ሥር የሚያድረውን ሠራተኛ ደቃቃ ዝንብ ነክሳ ታስይዘዋለች፣ ሰውን ቀስ በቀስ እያከሳ ይጨርሳል። በጊዜ ከታወቀ ግን መድኃኒት አለው። እና ሐኪሙ «ሰሞኑን ከስተሃል?» ብሎ ጠየቀ።

የጠየቀው ትዕዛዙን ነበር። የመለስኩት እኔ ነኝ።

«ኧረ ጨምሯል! በገዛ እጄ መዝኜዋለሁ። ከአርባ ስድስት አርባ ሰባት ገብቷል። አይደለም እንዴ ትዕዛዙ?»

ልጅዎ ወለሉን አየ። «አዎ ቲቸር» አለ። ሐኪሙም የአስተማሪ ቃል ነው ብሎ አመነኝ፤ የወባውን መድኃኒት ይዘን ወጣን።

መድኃኒቱን ጨረሰ፣ ትኩሳቱ ግን አልለቀው አለ። ዛሬ ይሻለዋል ነገ ይሻለዋል እያልኩ ሦስት ሳምንት አሳለፍኩ። ሲወድቅ ነው ደንግጬ ሚኒባስ ኮንትራት ይዤ ወደ ጎንደር የሮጥኩት። መንገድ ላይ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ «ቲቸር፣ እማዬ ከመጣች ሳታየኝ ኮቱን አልብሺኝ» አለኝ። ያኔውኑ አለበስኩት። ኮቱ ከበደኝ። ጭኔ ላይ የተኛው ልጅ ግን አልከበደኝም፤ ያኔ እንኳ ልብ አላልኩም። አይከል ሳንደርስ አረፈ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አብረን አይተነዋል። ልብሱን ሲያጣጥፉ የኮቱ ገበር ጎረበጠዎ፤ በነጭ ክር የተሰፋ ነገር አገኙ። «ይሄ የኔ አሰፋፍ ነው፤ በልጅነቱ እኔው ነኝ ያስተማርኩት» ብለው ክሩን ሲተረትሩ አራት ጥቁር የወንዝ ድንጋይ ጭንዎ ላይ ወደቀ። «ልጄ ይሄን ምን ሊያደርግበት ነው?» ብለው ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ገና ሳየው ገብቶኝ ነበር። ግን ምን አልኩ? «ከታቦት ደጅ ለበረከት ያነሳው ይሆናል» አልኩዎ። እርስዎም ተሳልመው በነጠላዎ ጫፍ ቋጠሩት።

እርስዎ በሄዱ ማግስት ለይኩንን ጠርቼ ጠየቅሁት። «ከወንዝ አብረን ነው የለቀምነው፣ ቲቸር። ሁለተኛ አይስቁብኝም ብሎ ነው። እንዳልናገር አስምሎኛል» ብሎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ልጁን ምን እለዋለሁ? ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

እማማ፣ ልጅዎ ከስቶ ነበር። እየከሳ መሆኑን እሱ ያውቃል፤ ሚዛኑም ይናገር ነበር። እኔ ስለሳቅሁበት ነው ድንጋይ የሰፋው፤ ድንጋይ ስለሰፋም ነው ሐኪሙን በሙሉ አፌ የዋሸሁት። ያ ሦስት ሳምንት ልጅዎን ያድንልዎት ነበር። ይኸው፣ ተናገርኩት።

እስከዳር ባለፈው ሐምሌ የጻፈችው ደብዳቤ ደርሶኛል። መቃብሩ እዚህ ስለቀረ ለለቅሶው ልብሱን ዘርግታችሁ፣ ድንጋዮቹንም በነጭ ጨርቅ ላይ አኑራችሁ፣ የቀዬው ሰው እየተሳለመ አለቀሰ ብላለች። እሱን ካነበብኩ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ሰው በእኔ ውሸት ይሳለማል።

አሁን ሰሊጡ ደርሷል፤ መጋዘኑ ተከፍቷል። ሙሐመድጣሂር ትናንት በአጥር በኩል «ዘንድሮ ሚዛኑን አትወስጂም ወይ አስተማሪ?» አለኝ። አልወስድም አልኩት። ያንን ትምህርት በዱላና በቅል አስተምራለሁ፤ ሰው ከሰው አጠገብ አቁሜ ሁለተኛ አላወዳድርም።

በመጋቢት ለሙት ዓመቱ እመጣለሁ። በአገራችን ወግ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳይ ደጅ ይቆማል፤ «ይቅር ብዬሻለሁ፣ አውርጂው» እስኪባል ድረስ አያወርድም። እኔ ግን ከዚህ ድንጋይ ይዤ አልመጣም፤ የምሸከመው እርስዎ ቤት ነው ያለው። እንዳይጥሉት። ደጅዎ ስደርስ ያንን ኮት አውጥተው፣ አራቱንም ድንጋይ እንደነበረው ገበሩ ውስጥ ሰፍተው ትከሻዬ ላይ ያድርጉልኝ። አውርጂ ካላሉኝም ለብሼው እመለሳለሁ።

የልጅዎ አስተማሪ
ማናዬ